እንዳትለምጂው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናትሽ ደም ግፊት ተስተካክሏል፣ ጉልበቷ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ አባዬ» ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊብኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። ረዘም ይላል። ታግሰሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እሁድ ዕለት አክስትሽ ከለንደን ደወለችልኝ። ለፋሲካ መምጣትሽን፣ መክሳትሽን፣ ማን ማን እንደነበረ ስትነግረኝ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷን አነጋግራት» አለችኝ። ምግብ ቀርቦ አንዱ እንግዳ ስለ ሥራሽ፣ ስለ አይጦቹ ሙከራ፣ ሲጠይቅሽ «አይጦቹ ለኔ ቁጥር ናቸው፣ ለምጄዋለሁ» ብለሽ መለስሽለት። ዶሮ ወጡን ግን ሳትነኪው ተነሳሽ። ሌሊቱንም መብራት ሳታበሪ ሳሎን ውስጥ ስትንጎራደጂ ሰምታሻለች። አክስትሽ ወሬ አታበዛም፣ ታውቂያታለሽ። እሷ ካለች ነገር አለ።

አልተቆጣሁም። ሥራሽን ተዪውም አልልሽም። ሳንባ ለማጥናት ለምን እንደወሰንሽ እኔና አንቺ እናውቃለን፤ አያትሽ በሕይወት ብትኖር እጇን ዘርግታ ትመርቅሽ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ «ለምጄዋለሁ» ያልሽው ነው። ሥራሽን ሥሪ። በርትተሽ ሥሪ። ግን እንዳትለምጂው።

ያንን ትልቅ ሥዕል ታስታውሺዋለሽ አይደል? ለምርቃትሽ የመጣሁ ጊዜ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ያየነውን፣ ወፏ መስታወት ውስጥ ያለችበትን። እኔ ልቆም ስል አንቺ ባቡሩ እንዳያመልጠን ጎተትሽኝ። አልፈርድብሽም፤ ሻንጣም ይዘን ነበር። እዚህ ከተመለስኩ በኋላ ጋለሪው ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠውን ምስል ወንድምሽ ታብሌት ላይ ከፈተልኝ፣ እና ማታ ማታ እያጎላሁ አየዋለሁ። አክስትሽ ከደወለች ወዲህ ደግሞ ከእጄ አልወጣም። ስላንቺ የተሳለ ነው የሚመስለኝ።

ሰዓሊው ጆሴፍ ራይት ይባላል። የደርቢ ሰው ነው፣ አንቺ ካለሽበት ከበርሚንግሃም ብዙም አይርቅም። ሥዕሉን የሠራው በ1768 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ አውሮፓውያኑ የአብርሆት ዘመን በሚሉት፣ ሁሉን በምርምር ማወቅ ይቻላል በተባለበት ጊዜ መሃል። ወርዱ 244፣ ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ1863 ጀምሮ የዚያው ጋለሪ ንብረት ነው። ጨለማ ክፍል ነው፣ ሌሊት። አሥር ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ብርሃኑ ከአንዲት ሻማ ነው የሚወጣው፤ ሻማዋ ራሷ ግን አትታይም፣ ፈሳሽ የሞላበት ትልቅ ብርጭቆ ጋርዷታል። መሃል ላይ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ሽበቱ ትከሻው ላይ የወረደ ሰው ቆሟል። ከፍ ብሎ ክብ የመስታወት ዕቃ አለ፣ ውስጡ ነጭ ወፍ ክንፏ ተዘርግቶ ወድቃለች። የሰውየው እጅ ከመስታወቱ አናት ላይ፣ ቫልቩ ጋ ነው።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩና ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ማሽኑ ነው። የአየር ፓምፕ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ማዞሪያ። ማዞሪያው ሲዞር ፒስተኖቹ እየተፈራረቁ ከመስታወቱ ውስጥ አየር ይስባሉ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያወጡም፣ ካለው ላይ ትንሽ ትንሽ ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ አየሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ወፏ መጀመሪያ ትወራጫለች፣ ከዚያ ትወድቃለች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ትቀራለች። ቫልቩን በጊዜ ከከፈትሽው አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ወፏም ትነሳለች። ዘግይተሽ ከከፈትሽው አትነሳም። ሥዕሉ ላይ ያለችው ቅጽበት ያቺ ናት። ሰውየው ከፈተው ወይም ዘጋው፣ ራይት አይልም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ገጥመው አንድ ሉል የሚሆኑ የብረት ጎድጓዳዎች አሉ፤ ብዙ ሰው አያያቸውም። የማግደቡርግ ንፍቀ ሉሎች ናቸው። ኦቶ ፎን ጌሪከ የሚባል፣ ጀርመን አገር ያለችው የማግደቡርግ ከተማ ከንቲባ በ1650ዎቹ ሁለት እንደዚያ ያሉ ትልልቅ ጎድጓዳዎች ገጥሞ አየራቸውን ሲያወጣ ፈረሶች በሁለቱም በኩል ጎትተው መለያየት አቃታቸው። የከባቢው አየር ነው የሚጫናቸው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ። ይህንን ለስንቱ ተማሪ አስተምሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝ አገር ሮበርት ቦይል የሚባል ተመራማሪ ከረዳቱ ከሮበርት ሁክ ጋር የተሻለ ፓምፕ ሠርቶ በ1660 የሙከራዎቹን መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ወፍም አይጥም አሉ። አንድ ቀን ወፏ ስትንፈራገጥ እዚያ የነበሩት ወይዛዝርት አዘኑላትና ቦይል ፈጠን ብሎ አየር እንዲያስገባ አደረጉት፣ ወፏም ነፍስ ዘራች። እሱ ራሱ ነው የጻፈው። ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ሌላ ጊዜ ሙከራውን ማንም እንዳያቋርጠው ሌሊት ሠራው። ይህንን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ክፉ ሰው አልነበረም ቦይል፤ ሃይማኖተኛ፣ ጥንቁቅ፣ ያየውን ሳይደብቅ የሚጽፍ ሰው ነበር። እንደሱ ያለ ሰው ነው «አቁም» የሚለው ድምፅ እንዳይሰማ ሥራውን ወደ ሌሊት የወሰደው።

አንቺም ሌሊት ሌሊት ላቦራቶሪ ትሄጃለሽ አሉ። ለምንድን ነው? ከሰው ጋር መሥራት ስትችዪ ለምን ብቻሽን? ይህንን መልሺልኝ።

ራይት ሥዕሉን ሲሥል ደግሞ ፓምፑ አዲስ ነገር አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተዘዋዋሪ አስተማሪዎች ከከተማ ከተማ ይዘውት እየዞሩ፣ የመግቢያ እየተቀበሉ፣ በሰው ቤት ሳሎን ያሳዩበት ነበር። ወፍ ያለ አየር እንደማትኖር ሁሉም ያውቃል። ከነዚያ አሥር ሰዎች አንዱም ከዚያች ወፍ ስቃይ ለዓለም አዲስ የሚሆን እውቀት አያገኝም ነበር። በዚያው ዘመን ጄምስ ፈርጉሰን የሚባል፣ በልጅነቱ በግ ይጠብቅ የነበረ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ስኮትላንዳዊ ይኸንኑ ትምህርት እየዞረ ይሰጥ ነበር። እሱ በመጽሐፉ ላይ በሕይወት ያለ እንስሳ መጠቀም ጥቂት ሰብአዊነት ላለው ተመልካች እጅግ የሚዘገንን ነው ብሎ፣ በምትኩ መስታወት ውስጥ ፊኛ አስገብቶ ሳንባ እንዴት እንደሚሆን አሳየ። ትምህርቱ አልጎደለበትም። እኔ ከዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

አሁን ፊቶቹን አንድ በአንድ እይልኝ። ከግራ ጀምሪ።

ጥጉ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሰዓት ይዟል። ወፏ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ ይለካል። አጠገቡ አንድ ልጅ አንገቱን አስግጎ ያያል። ከነሱ በላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት አሉ። እነዚህ ወፏን አያዩም፤ እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። የሰዓሊው ወዳጆች ቶማስ ኮልትማንና ሜሪ ባርሎ ናቸው ተብሎ ይታመናል፣ በ1769 ተጋብተዋል። መዋደዳቸውን አልነቅፍም፣ ልጅነት ነው፣ እግዚአብሔር ያኑራቸው ያሰኛል። ግን እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኳት ፍጥረት ትንፋሽ አጥታለች፣ እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ስለለመዱት ነው። ካባ ከለበሰው ሰው ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ነው የምፈራቸው።

በቀኝ በኩል ሁለት እህትማማቾች የሚመስሉ ሴት ልጆች አሉ። ትልቋ ዓይኗን በእጇ ሸፍናለች። አባት የሚመስለው ሰው ትከሻዋን አቅፏል፣ በሌላ እጁ ግን ወደ ላይ ወደ ወፏ ይጠቁማታል። ምን እያላት ይሆን? «አይዞሽ፣ ትነሳለች» ነው? ወይስ «እዪ፣ ሕይወት እንዲህ ነው»? እኔ አባት ነኝና እዚህ ቦታ ብዙ እቆያለሁ። እቅፉ ልክ ነው። ጣቱ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ታናሽየዋን ደግሞ አጉልተሽ እያት። የእህቷን ቀሚስ ይዛለች። ቀና ብላ ወፏን ታያለች፣ ቅንድቧ ተሰብስቧል፣ የሻማው ብርሃን ፊቷ ላይ ሙሉ ነው። አታለቅስም። አትሸሽም። ፈርታለች፣ ግን ታያለች። አንቺ የምትሆኚው እሷን ነው ልጄ። ዓይንሽን ሸፍነሽ ከላቦራቶሪው ውጪ አልልሽም፤ ሰዓት ይዘሽ ብቻ ቁጠሪም አልልሽም። እንደዚያች ልጅ እዪ። ደግሞ እንዳትለምጂው።

ሽማግሌው በቀኝ ጥግ በትሩን ተደግፎ ወደ ብርጭቆው ያያል። ብርጭቆው ውስጥ የራስ ቅል የሚመስል ነገር አለ። የሚያስበውን ማወቅ አያስቸግርም። ከኋላው መስኮቱ ጋ አንድ ልጅ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የወፍ ቤት በገመድ ይዟል። ሊያወርደው ነው ወይስ ሊሰቅለው? ወፏ ከዳነች ይወርዳል፣ ከሞተች ወደ ላይ ይሄዳል። ይህም አልተነገረም። በመስኮቱ ሙሉ ጨረቃ በደመና መሃል ትታያለች። በርሚንግሃም ስለሆንሽ ይህ ይገርምሽ፤ እዚያው ከተማሽ አካባቢ በዚያን ጊዜ የሳይንስ ወዳጆች ይሰበሰቡ ነበር፣ ሉናር ሶሳይቲ ይባላሉ፣ የመንገድ መብራት ስላልነበረ በጨረቃ ወደ ቤት እንዲመለሱ ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ነበር የሚገናኙት። ራይት አባል አልነበረም፣ ግን ከነሱ መሃል ወዳጆች ነበሩት። አንዱ ሐኪሙ ኢራስመስ ዳርዊን ነው፣ የቻርልስ ዳርዊን አያት።

ወፏም ተራ ወፍ አይደለችም። ኮካቱ ናት፣ ከበቀቀን ወገን፣ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብርቅ የነበረች፣ ውድ። ማንም እንደሷ ያለችውን ፓምፕ ውስጥ አይከትም። ራይት መጀመሪያ በሠራው ንድፍ ላይ ተራ ትንሽ ወፍ ነበረች፣ በኋላ ቀየራት። ለምን? እኔ የሚመስለኝ፣ ሰው ድንቢጥ ቢያይ ያልፋታል። የለመደውን ያልፋል። እንዳያልፍ ነጭ፣ ትልቅ፣ የሚያሳሳ ወፍ አደረጋት።

አያትሽ ይህንን ሥዕል አይታዋለች። ነግሬሽ አውቃለሁ? ደሴ እያለን ከእንግሊዝ በመጣ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ከመዳፌ የማይበልጥ። መጽሐፉን ቤት ይዤ ገብቼ እሳት ዳር ሳነብ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። ሰጠኋት። አያትሽ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ሥዕል ታነባለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። መጽሐፉን ወደ እሳቱ አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን መሃል ላይ ባለው ሰው ላይ አድርጋ «ይሄ ክፉ አይደለም፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል» አለች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሳለው። ፈረንጆቹ እንደዚያ አይሥሉም እማዬ ብላት አልሰማችኝም። ሰዓት የያዘውን በጎኑ ስታየው «ይሄን ተወው» አለችኝ። ከዚያ ወፏን አይታ ዝም አለች። ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ላንቺም ይገባሻል። እሷ አስም ነበረባት። አየር አጥቶ አፍ መክፈት ምን እንደሆነ ከዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

የሚቆጨኝ ቀለሙን አለማየቷ ነው። ካባው ጥቁር መስሏት፣ መነኩሴ ነው ብላ ነበር ያለፈችው። ቀይ መሆኑን ሳታውቅ ሄደች። እኔም ያወቅኩት አንቺ ጋ መጥቼ ነው። ፊቱ ቆሜ ስለሷ ነበር የማስበው፣ አንቺ ሰዓት ሰዓት ትዪ ነበር። ይሁን።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ነው፣ የደሴ ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አያትሽ ሌሊት አስሟ ተነሳባት። ከጎረቤት ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናት። ተረኛው ወጣት ድሬሰር ነበር። ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ዞር ብሎ ተመለከታት፣ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማ፣ «አስም ነው፣ ይለቃታል» ብሎ ሻዩን ቀጠለ። ለመንኩት። «ወንድም፣ ይሄን በየቀኑ ነው የምናየው፣ ለምደነዋል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ይህንን እንድታውቂ እፈልጋለሁ፣ ክፋት አልነበረም። ቢሆንማ ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር።

ከዚያ ከውስጥ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት ነርስ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ምንም ሳትለኝ እናቴን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻት፣ ትራስ ከጀርባዋ አደረገችላት፣ ኦክስጅን አቀረበች፣ አሚኖፊሊን የሚባለውን የአስም መድኃኒት በመርፌ ሞላች። ያ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ቀስ ተብሎ ነው፣ ከፈጠነ ልብን ያናጋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መርፌውን በቀኝ እጇ እየገፋች፣ በግራ እጇ የእናቴን ትከሻ ይዛ፣ ዓይኗን ከእናቴ ፊት ላይ ሳትነቅል ቀስ፣ ቀስ አለች። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ እኔ ካፖርት ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ፣ የሴትዮዋ ግንባር ግን ላብ አውጥቷል። የእናቴ ትንፋሽ ሲመለስ እሷም አብራ ተነፈሰች፣ እስከዚያ ድረስ ራሷም ይዛው የቆየች ይመስል። ስንወጣ «ስንት ዓመት ሠርተሻል እትዬ?» አልኳት። «ሠላሳ ይሞላኛል ለመስቀል» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት! እንደዚያ ያለውን ሌሊት ስንት ጊዜ አይታለች? እጇ ሥራውን ያውቃል፣ አይንቀጠቀጥም። እሷ ግን አልለመደችውም።

ልጄ፣ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ደመወዝ ቤት ነበሩ። ምርጫው እንዲህ ቅርብ ነው።

ስለ ሰዓሊው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ራይትም አስም ነበረበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቸግረው ኖሯል። ይህንን ሳውቅ ሥዕሉን እንደገና ከፍቼ አየሁት። ወፏን የሣላት ሰው ትንፋሽ ማጣትን ከውጭ ሆኖ አይደለም የሚያውቀው።

ታዲያ ሥራውን ተዪው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ራይት ይህንን ከሣለ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1774፣ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ኦክስጅንን ለየ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት አይጥ በዚያ አየር ውስጥ አስገብቶ፣ በተራ አየር ውስጥ ከምትቆየው በጣም አስበልጣ ቆየችለት። አያትሽ አፍንጫ ላይ የተደረገው ኦክስጅን ታሪኩ ወደዚያች አይጥ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው፣ አልክደውም፣ አንቺም እንድትክጂው አልፈልግም። ፕሪስትሊ ቤት ግን ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ወጣት ወዳጁ ለሙከራ የተያዘች አይጥ «ልቀቀኝ» ብላ የምትለምንበት ግጥም ጽፋለታለች። በሥራውም መሃል የሚያስታውሰው ሰው ነበረው። አንቺስ ማን አለሽ?

የአንቺ አገር ሕግ (አሁን አገርሽ ነው እንግዲህ) ይህንን አስቦበታል። በእንስሳ ላይ ሙከራ የመሥራት ፈቃዱን ለማግኘት ስትማሪ ራስሽ ነበርሽ ያስረዳሽኝ፤ በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡትን ሦስት መርህ፣ እንስሳውን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል። ያኔ ስትነግሪኝ ዓይንሽ ይበራ ነበር። ያ በግ ጠባቂ ፈርጉሰን ፊኛውን መስታወት ውስጥ ሲያስገባ የመጀመሪያውን እያደረገ ነበር እኮ፣ ስም ሳይወጣለት። አሁን ደግሞ እነሱን ሦስቱን ቅጽ ላይ የምትሞዪያቸው ሣጥኖች አድርገሻቸው እንዳይሆን እሰጋለሁ። እንዳትለምጂው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ሌሊት ብቻሽን ላቦራቶሪ መሄድ ይቁም፤ አማካሪሽን «ቀን ላይ፣ ሰው ባለበት ልሥራ» በያት፣ ካልሆነ ለምን እንደማይሆን በጽሑፍ ትንገርሽ። እዚያ የእንስሳቱን ደህንነት የሚከታተል ባለሙያ አለ ብለሽኝ ነበር። ሄደሽ አነጋግሪው፤ እንቅልፍ ማጣትሽንም ንገሪው፣ አያሳፍርም። ከቻልሽ አንድ ቅዳሜ ደርቢ ሂጂ፣ ሙዚየሙ ውስጥ የራይት ሌላ ሥዕል አለ፣ የፕላኔቶቹን ማሽን የሚያሳየው፣ የ1766ቱ፤ በፀሐይ ቦታ መብራት አለ፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ያያሉ፣ ማንም አይሠቃይም። እሱንም ማየት ያስፈልግሻል። ለንደን ስትሄጂ ደግሞ ናሽናል ጋለሪ አርብ አርብ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው፣ መግቢያ አያስከፍልም። ሻንጣ ሳትይዢ ሂጂ። አግዳሚ ወንበር ካለ ተቀመጪ። ከሰውየው እጅ ጀምሪ፣ ወደ ታናሽየዋ ልጅ ሂጂ፣ ከዚያ የፈለግሽበት።

ቁርስ ብዪ። ቡና ባዶ ሆድ አትጠጪ። ያ ጥቁር ካፖርት ዚፑ ተበላሽቷል ብለሽ ነበር፤ አስጠግኚው ወይ ሌላ ግዢ፣ ገንዘቡን እልክልሻለሁ። ለአክስትሽ ዛሬውኑ ደውይላትና ስለ ዶሮው ይቅርታ በያት፣ ሁለት ቀን ነው የሠራችው። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፤ በአሥራ አምስት የሚመጣ ሰው አለ፣ አክስትሽ ሂትሮው አየር ማረፊያ ድረስ ሄዶ የሚቀበለው ሰው ታገኛለች፣ አንቺ ከሷ ትወስጃለሽ። ሽሮው ሁለት ዓይነት ነው፣ ምጥኑ በነጩ ፌስታል ነው ያለው። በርበሬውን አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጊው።

ለጥያቄዎቼ መልስ እፈልጋለሁ። ሌሊት ለምን ብቻሽን እንደምትሄጂ፣ እና ማን እንዳለሽ። አጭርም ቢሆን ጻፊልኝ።

አባትሽ